ለልብስ ሱቅ መርካቶ ይሻላል ወይስ ቦሌ?

መርካቶ የሚመጣ ሰው ሊገዛ ነው የሚመጣው። ጎረቤትህ ያንኑ ዕቃ ቢሸጥ አትደንግጥ፤ ገበያተኛውን የሚጠራው ያ መደዳ ነው። አንድ ቁጥር ጫማ ቢያልቅብህ ልጁ ሮጦ ከጎን ሱቅ ያመጣልሃል፣ ደንበኛው ሳይነሳ። ይሄን ሌላ ቦታ አታገኘውም። ትርፉ ግን ስስ ነው፤ የሚያዋጣው ብዛት ነው።

ቦሌ ገዢው ጥቂት ቢሆንም በአንድ ዕቃ ላይ የተሻለ ታተርፋለህ። በምትኩ መብራት፣ መስታወት፣ መለኪያ ክፍል ይጠበቅብሃል። ግራውንድ ላይ መንገደኛ ያይሃል። ሦስተኛ ፎቅ ኪራዩ ይቀንሳል፣ ግን ማንም በአጋጣሚ አይገባም።

ኪራዩ ሁለቱም ጋ አይቀመስም።

ስጋቱን አደራ አስቡበት። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የስንቱን ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ አደረገው። ሱቆቹ የተጠጋጉ ናቸው። መርካቶ ከገባህ ኢንሹራንስ ሳትገባ አንድ ቀን እንዳታድር።

ለክፍለ ሀገር ነጋዴ በጅምላም የምትሸጥ ከሆነ መርካቶ ግባ። የተመረጠ ልብስ ይዘህ ካፒታልህ ጥቂት ወር የሚያስታግስህ ከሆነ ቦሌ ግራውንድ። በቲክቶክና በቴሌግራም ደንበኛ ላፈራ ሰው ግን ሦስተኛው ፎቅ ይበቃዋል፤ ፈልገውት ይወጣሉ።