ተጎታች የሠራልንን የደብረ ብርሃን በያጅ ሳላመሰግን አላልፍም

አንድ ልጅ ማመስገን አለብኝ። «ስሜን እንዳይጠሩብኝ እትዬ፣ ሰው ሲበዛ ሥራዬ ይበላሻል» ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ሥራውን መናገር ግን አልከለከለኝም።

እኛ ብዙ ነን። አምስት ልጆቼ፣ የሟች እህቴ ሁለት ልጆች፣ እኔ፣ ባለቤቴና አማቴ እማማ። አስር ነፍስ ማለት ነው። የባለቤቴ ዘመዶች መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ናቸው። ልጆቹ ደግሞ እዚያው መንዝ ካለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ አድረን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እንይ ብለው ከጨቀጨቁን ቆዩ። አስር ሰው ይዞ ዘመድ ቤት መውረድ ዘመድን መፈተን ነው። አልጋቸውን ለቀውልን እነሱ መደብ ላይ ያድራሉ፣ በግ ይታረዳል፣ እኛም እንሸማቀቃለን። ስለዚህ ማደሪያችንን ራሳችን ጎትተን እንሂድ ተባለ። ሃርድቶፓችን ብታረጅም ጉልበቷ አለ።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ፍዳ እኛ ነን የምናውቀው። አዲስ አበባ አንዱ ጋ ሄድን። ከውጭ የገባ ተጎታች ነው፣ ያብለጨልጫል። «የቤተሰብ ነው» አለን። የማን ቤተሰብ? ሁለት ትልቅ ሰውና ሁለት ሕፃን ቢያስተኛ ነው። ሌሎቻችንስ ስንለው «ጣሪያው ላይ ሌላ ድንኳን ትጨምራላችሁ» አለ። በመሰላል የሚወጣ! እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሌሊት በዚያ መሰላል ሲወርዱ ታየኝና አማተብኩ። ከሥር ደግሞ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። «ለኮረኮንች ተብሎ የተሠራ ነው» ይለናል። የየት አገር ኮረኮንች እንደሆነ እንጃ።

ሌላው ደግሞ ሠርቼ እሰጣችኋለሁ አለና ቀብድ ተቀበለን። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ነገ ኑ። መብራት ጠፋ። ብረት ተወደደ። ቀጥሎ ስልክ አለማንሳት። በስንት ምልልስ ያሳየን ነገር ከወፍራም ላሜራ የተገጠገጠ ሣጥን ሆኖ አረፈው። ባዶውን አስረን ዳገት ስንሞክረው መኪናችን አቃሰተች። አንፈልግም ብንል ቀብዱን አልመልስም አለ። ያ ብር ላባችን ነው። አሁንም ሲነሳ ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ ልተወው።

ተስፋ ቆርጠን ሳለ ነው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ይህን ልጅ የጠቆመን። የጭነት መኪና ስፖንዳ ሲሠራ የኖረ ነው። ስንት ብር አላችሁ ብሎ አልጀመረም። «ስንት ናችሁ? ሌሊት የሚነሳው ማነው?» ነው ያለን። ቀጥሎም «መኪናዋን፣ ቤተሰቡን በሙሉና የምትጭኑትን ዕቃ ይዘው ይምጡ» አለኝ። ጎረቤት የቤት ዕቃ የምናጓጉዝ መስሎት ነበር። ድስት፣ ጀሪካን፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የእማማ ዝተት ሳይቀር ጭነን ሄድን።

ሁሉንም አየና «እትዬ፣ አልጋ ያለው ተጎታች አያዋጣችሁም» አለ። አስር ሰው የሚያስተኛ አልጋ ከሠራሁላችሁ መኪናዋ አትችለውም። ሰው መሬት ላይ ይተኛ፣ ተጎታቹ ዕቃና ወጥ ቤት ይሸከም፣ ከጎኑ ሰፊ ሸራ ይዘርጋ አለን። ውዱን ቢሠራልን እኮ የሚያገኘው እሱ ነው! ርካሹን መከረን። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ስለ ባሌስትራውና ስለ ኩሽኔታው ለባለቤቴ ብዙ ነገረው፣ እኔ አልገባኝም። የገባኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተጎታቹ ጎማና ቸርኬ ከመኪናችን ጋር አንድ ዓይነት ይሁን አለ፤ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ለሁለቱም እንዲሆን። ሁለተኛ፣ ዕቃውን አስጭኖ የተጎታቹን አንገት በእጁ እያነሳ ይመዝናል፣ ደግሞ ያወርዳል፣ ያዘዋውራል። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አስረኛው ያህል ጋንጮው (ከመኪናዋ ጋር የሚያያዝበት) ላይ መጫን አለበት ይላል። «ኋላዋ ከከበደ ጅራቷን መወዝወዝ ትጀምራለች፣ መኪናዋንም ይዛ ትሄዳለች።» ውሃው ከጎማዎቹ በላይ፣ ከባዱ ዕቃ ወደ ታች። ሲጨርስ የየዕቃውን ቦታ ወለሉ ላይ በቀለም ጻፈው፦ «ጀሪካን»፣ «ድስት»፣ «የእማማ»። ልጆቼ አሁን ያለ ጽሑፉ አይጭኑም።

ግን እኔን ያሸነፈኝ ሌላ ነው። እማማ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው «የከሰል ማንደጃውስ የት ይቀመጣል? ጓሳ እኮ ውርጭ ነው» አሉ። ልጁ መበየጃውን አስቀመጠ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና ጀሪካን ገልብጦ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እማማ፣ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።»

«እኛ በእሳት ዳር አይደለም ያደግነው?»

«የእናንተ ቤት የሣር ክዳን ነው፣ ይተነፍሳል። ይሄ ሸራ ነው። ዚፑ ከተዘጋ አለቀ።»

«ታዲያ በብርድ ልሙት?»

ሳቀ። «ብርዱ የሚመጣብዎት ከመሬት ነው። ለእርስዎ ዝቅ ያለ የእንጨት አልጋ አለኝ። ዝተትዎን ከላይ ያነጥፉታል።» ከዚያ የበኩር ልጄን ጠርቶ ሸራው አናት ላይ የተዋቸውን ሁለት የአየር ቀዳዳዎች አሳየው። «ማንም ቢበርደውም እነዚህን አትደፍንም፣ እሺ?» አለው። ልጄ እንደ ሹመት ነው የተቀበለው።

እማማ ከድንኳኑ ሲወጡ የሚይዙት የብረት መደገፊያም ጨመረ። ሒሳብ ስንዘጋ መደገፊያው የለበትም። ብጠይቀው «እሱ የእማማ ነው» አለኝ። እማማ አንገቱን አስደፍተው መረቁት።

የገና ሰሞን ወጣን። ጣርማበር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ታጥፈን ብዙም ሳንርቅ የተጎታቹ አንድ ጎማ ፈነዳ። ባለቤቴ በክሪክ አነሳው፣ የመኪናውን ስኮርታ ገጠመው፣ መንገዳችንን ቀጠልን። ሌላ ቢሆን እዚያው ኮረኮንች ላይ ነበር የምናድረው።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይነሳል፤ ለደብረ ብርሃን ሰው እንኳ ይበርዳል። የመንዝ ሰው፣ ጓሳው ተዘግቶ ቆይቶ በወቅቱ ብቻ ከሚከፈትበት ከጥንቱ የቀሮ ሥርዓት ጀምሮ፣ 400 ዓመት ያህል ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ስለሆነ ሣርና እንጨት እንዳሻ አይነካም። እኛ ከተጎታቹ በሚወጣው ጠረጴዛ ላይ፣ ውጭ ሆነን፣ በቡታጋዝ አበሰልን። ማታ እማማ አልጋቸው ላይ ሆነው በልጅነታቸው ጓሳው ሲከፈት ለቤት ክዳን ሣር ሊያጭዱ የመጡበትን ጊዜ ሲተርኩ ልጆቹ አንድም ስልክ አላነሱም። ጠዋት ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲነጩ እማማ ናቸው ቀድመው ያዩት። መደገፊያውን ይዘው ብቻቸውን ወጥተው።

ስለዚህ ቤተሰባችሁ ብዙ ከሆነና ተጎታች ካሰባችሁ ይህን ልጅ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። ደግሜ እላለሁ፣ ሳታዩት አትክፈሉ! ዋጋው እንደ ብረቱ ገበያ ስለሚለያይ አልጽፈውም። ግን የሚነግራችሁን በመጀመሪያው ቀን ይነግራችኋል፣ በኋላም አይጨምርም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ዕቃችሁን ጭናችሁ ሂዱ። አሮጊት እናት ካሏችሁ ደግሞ እሳቸውን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚያነጋግረው እሳቸውን ነው።