የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምናዬን በሚገባኝ ቋንቋ ላስረዱኝ ሐኪም የቀረበ ምስጋና

የሐሞት ከረጢቴን በላፓራስኮፒ (ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚደረግ ቀዶ ሕክምና) አውጥተው ለጤንነት ያበቁኝን የቀዶ ሕክምና ሐኪም በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ዕረፍት አያገኝም። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው በገዛ ሰውነቴ ላይ ምን እንደሚደረግ አስቀድሜ እንዳውቅ ስላደረጉኝ ነው።

እርሳቸው ዘንድ ከመድረሴ በፊት ብዙ ተንከራትቻለሁ። ቅባት የበዛበት ምግብ በበላሁ ቁጥር በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ ሥር ተነሥቶ እስከ ጀርባዬ የሚወጋኝን ሕመም «ጨጓራ ነው» እያሉ መድኃኒት ሲቀያይሩልኝ ቆዩ። በኋላ አልትራሳውንድ ጠጠሩን ሲያሳይ፣ ስማቸውን የማልጠቅሰው አንድ ባለሙያ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ይወጣል» ብለው ቀጠሮ ጻፉልኝ። ሆዴ ይከፈት እንደሆነ፣ ያለ ሐሞት ከረጢት መኖር ይቻል እንደሆነ ብጠይቅ «እሱን ለእኛ ተዪው» ተባልኩ። ሌላ ቦታ ደግሞ አንዲት መስመር ሳይነበብልኝ የስምምነት ቅጽ እንድፈርም ቀረበልኝ። ይህ ንቀት ከሕመሙ ባላነሰ አቃጥሎኛል፤ የሚቆረጠው የእኔ ሰውነት ሆኖ ሳለ የመጠየቅ መብት የሌለኝ ያህል ተቆጥሬ ነበርና።

እኒህ ሐኪም ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው ጉበትን፣ ከሥሩ ያለችውን የሐሞት ከረጢት፣ ሐሞት ወደ አንጀት የሚወርድበትንም ቱቦ በወረቀት ላይ ሣሉልኝ። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ስለሆነና ከረጢቷ የምታጠራቅመው ብቻ ስለሆነች፣ እርሷ ብትወጣም ሐሞቱ በቀጥታ ወደ አንጀት እየፈሰሰ ሥራው እንደሚቀጥል ነገሩኝ። ሙሉ ማደንዘዣ ከተሰጠኝ በኋላ በእምብርቴ አካባቢና ከዚያ በላይ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች እንደሚከፈቱ፣ ለሥራ የሚሆን ክፍት ቦታ እንዲገኝ ሆዴ በካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚነፋ፣ እርሳቸውም ውስጡን በካሜራ በስክሪን እያዩ እንደሚሠሩ አስረዱኝ። ዘመዶቼ «አዲስ ነገር ሊሞክሩብሽ ነው» ብለው አስፈራርተውኝ ስለነበር ይህንንም አነሣሁባቸው። ሳይቆጡ፣ የሐሞት ከረጢት በዚህ ዘዴ መውጣት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ጀርመን ውስጥ መሆኑን ነገሩኝ። መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ዛሬም አይገባኝም፤ የሚያስፈልገኝን ግን ሁሉ አውቄ ፈርሜያለሁ።

አደጋውንም አልደበቁኝም። «ውስጡ ተጣብቆ ካገኘሁት ወይም ደም መፍሰሱ ካሳሰበኝ ሆድዎን እንደ ቀድሞው ዘዴ ልከፍት እችላለሁ፤ ሲነቁ ረዘም ያለ ቁስል ቢያገኙ ለደኅንነትዎ ሲባል የተደረገ መሆኑን ይወቁ» አሉኝ። ከዚያም የማልረሳውን ነገር ጨመሩ፤ «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትከሻዎን ሊያምዎት ይችላል፤ የተረፈው ጋዝ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ዲያፍራምን፣ ስለሚነካው ነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ሲሰማዎት ግን ለነርሷ ይንገሩ።»

በዚያው ሌሊት ቀኝ ትከሻዬን ክፉኛ አመመኝ። አጠገቤ የነበሩት አስታማሚ ልብ ነው ብለው ሲጮኹ እኔ ግን ምን እንደሆነ አውቀው ስለነበር ተረጋግቼ ሲስተሯን አስጠራሁ። እርሷም የልብ ምቴንና የደም ግፊቴን ለክታ፣ ደግፋ አስነሥታ በኮሪደሩ ቀስ እያደረገች አራመደችኝ፤ ሕመሙም እያደር ቀለለኝ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ባይነገረኝ ኖሮ ያን ሌሊት በሞት ፍርሃት አሳልፈው ነበር። እግዚአብሔር ለሐኪሜ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ለሲስተሯም እንዲሁ።

ስወጣም ከባድ ዕቃ እንዳላነሣ፣ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ካየሁ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመለስ ጽፈው ሰጡኝ።

ስማቸው በአደባባይ እንዳይጠራ ስለጠየቁኝ እዚህ አልጻፍኩትም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን በደስታ እነግራለሁ። የሐሞት ጠጠር አለባችሁ ተብላችሁ በፍርሃት የተቀመጣችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እባካችሁ እርሳቸውን ሳታማክሩ አትወስኑ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱና አማክሯቸው። ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ፣ የአልትራሳውንድ ውጤታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እያንዳንዱን ሳይመልሱላችሁ አያሰናብቷችሁም።