የኦብጀክት ስም ለኮንስትራክተር፦ እንደ ጽሑፍ መስጠት ወይስ በማፕ መያዝ?

ደብረ ማርቆስ ላይ የእህል መጋዘኖችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ስንሠራ፣ «ቡሬ» በተባለ ቫሪያብል (በኮድ ውስጥ ዋጋን የሚይዝ ስም) የተያዘው የመጋዘን ኦብጀክት (በፕሮግራሙ ውስጥ አንዱን መጋዘን የሚወክለው) የራሱን ስም ከኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱን ከሚፈጥረው ኮድ) ውስጥ እንዲያውቅ ፈልገን ነበር (የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫስክሪፕት በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል ስም ይቀበላል)። ይህ በቀጥታ አይቻልም፤ ቫሪያብሉ ኦብጀክቱን የሚይዘው ኮንስትራክተሩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሲሆን፣ አንድ ኦብጀክትም በብዙ ቫሪያብሎች ሊያዝ ወይም ጭራሽ በአንዱም ላይያዝ ይችላል።

አንደኛው መፍትሔ ስሙን እንደ ጽሑፍ ለኮንስትራክተሩ መስጠት ነው። ኮዱ ፋይሉ እንዲያንስ ተጨምቆ የቫሪያብል ስሞች ወደ አንድ ፊደል ቢያጥሩም ጽሑፉ አይነካም። ነገር ግን ስሙ ሁለት ቦታ ስለሚጻፍ፣ ቫሪያብሉን «ደጀን» ብሎ ቀይሮ ጽሑፉን «ቡሬ» እንዳለ የተወ ሰው የደጀንን ጤፍ በቡሬ ስም ሲያትም ይገኛል።

ሁለተኛው ስሙን ተቀብሎ ኦብጀክቱን የሚፈጥርና በዚያው ስም ማፕ (እያንዳንዱን ስም ከኦብጀክቱ ጋር አጣምሮ የሚይዝ መዝገብ) ውስጥ የሚያስቀምጥ ፈንክሽን ነው። ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ሆኖም ከማፑ ያልተሰረዘ ኦብጀክት ከሜሞሪ አይወጣም። ተጠቃሚው ራሱ አዳዲስ መጋዘኖችን የሚያስገባ ስለነበር እኔ ይህን መርጫለሁ።