የካላዛር ጥገኛን ንዑስ ዝርያ ለመለየት፦ አይሶኤንዛይም ወይስ ማይክሮሳተላይት?

ከታማሚ ሰውና ከውሻ የተገኘው የካላዛር ጥገኛ (ሌይሽማኒያ ኢንፋንተም) አንድ ንዑስ ዝርያ መሆኑን ማጣራት ሲፈለግ፣ የቆየው መንገድ አይሶኤንዛይም፣ ማለትም የአንድ ኤንዛይም የተለያዩ ቅርጾችን ማወዳደር ነው። በሞንፔሊዬ (ፈረንሳይ) አሠራር 15 ኤንዛይሞች በጄል ላይ የሚጓዙት ርቀት ይነጻጸራል። ብዙ ሕያው ጥገኛ ስለሚፈልግ የመቅኒ ወይም የንፍፊት ናሙናን 26 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ማሳደግ ግድ ነው። ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው፤ ባክቴሪያ ከገባበት ይበላሻል፣ ቅይጥ ልክፈት ከሆነ ደግሞ ፈጥኖ የሚራባው ሌላውን ይውጠዋል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ከሰውም ከውሻም በብዛት የሚወጣው ሞን-1 የሚባለው የኤንዛይም ዓይነት ነው። ይህ ብቻውን ሁለቱ አንድ ናቸው አያሰኝም።

ለአዲስ ሥራ ማይክሮሳተላይትን (አጫጭር የዲኤንኤ ድግግሞሾችን) እንመርጣለን፤ ሞን-1ንም ይከፋፍለዋልና። 14 ገደማ የዲኤንኤ ድግግሞሽ ቦታዎች በፒሲአር ይባዙና ርዝመታቸው ይለካል። ጥገኛው በቂ ከሆነ ሳይራባ በቀጥታ ከናሙናው ይሠራል። ደም እንዳይረጋ በኢዲቲኤ ቱቦ ይቀዳ፤ ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ፒሲአርን ያደናቅፋል። ዲኤንኤው ሲያንስ ከሁለቱ አሌሎች (የአንድ ቦታ ሁለት ቅጂዎች) አንዱ ሳይባዛ ይቀርና ጥገኛው በሐሰት ወጥ (ሁለቱም ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት) ይመስላል፤ እንዲህ ያለውን ናሙና መድገም ነው። የርዝመት ልኬት ከማሽን ማሽን ጥቂት ስለሚዛነፍም የታወቀ ማጣቀሻ ዝርያ በየዙሩ አብሮ ይሂድ። አይሶኤንዛይም ዛሬም የሚጠቅመው ውጤትን ከቀደሙት መዛግብት ጋር ለማገናኘት ነው።