ወንድሜን አክመው እኔንም ላሰቡልኝ የቆዳ ሐኪም

ይህን ምስጋና የማቀርበው በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል ለሚሠሩ አንዲት ሐኪም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም፤ የሠሩትን ሥራ ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ስለ ሕመሙ የምጽፈው ወንድሜ ፈቅዶልኝ መሆኑም ይታወቅልኝ።

ወንድሜ የ22 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለዕረፍት በመጣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው፤ በማግስቱ ሁለቱም እጆቹና ሁለቱም እግሮቹ ቀልተው አበጡ። መዳፉ ከማሳከኩ ብዛት ሌሊት እንቅልፍ ነሣው፣ ጣቶቹም አልታጠፍ ብለው እንጀራ ቆርሶ መጉረስ አቃተው። አፉ ውስጥ ጥቃቅን ቁስል ስለወጣበት እናታችን «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው፤ የሄድንበት አንድ ክሊኒክ ደግሞ የሳሙና አለርጂ ነው ብሎ መርፌ ወጋውና አንቲባዮቲክ ሰጠው። ቅላቱ ወደ ሐምራዊ ነጠብጣብ ሲለወጥ ግን ወደ አለርት ለመሄድ ወሰንን። እናታችን «ዘነበወርቅ ሄደ ከተባለ ሰው ምን ይላል?» ብላ ተቃውማ ነበር። አለርት የሚገኝበት ይህ ሰፈር ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ካለው የቆየ ዝምድና የተነሣ ይህ ፍርሃት ዛሬም በብዙ ቤት አለ፤ እኔም ከፍርሃቱ ነጻ ነበርኩ ብል እዋሻለሁ።

ሐኪሟ በመጀመሪያ የሸሚዙን እጅጌና የሱሪውን ጫፍ እንዲሰበስብ አደረጉት። ቅላቱ በእጁ አንጓው ላይ፣ በእግሩም ቁርጭምጭሚቱ ላይ በክር የተለካ ይመስል ቀጥ ብሎ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቆዳ ጤነኛ ነው። ነጠብጣቦቹን በቀጭን መስታወት ሲጫኗቸው ቀለማቸው አልጠፋም፤ ይህም ከቆዳው ሥር ጥቂት ደም መፍሰሱን እንደሚያመለክት አስረዱን። ምን መድኃኒት እንደወሰደ ጠየቁ፤ ዳማከሴውን ስንነግራቸው እንደ ሌሎቹ መድኃኒቶች ሁሉ ጻፉት እንጂ አልሳቁብንም። ቀጥሎ እኔን በትሕትና ከክፍሉ አስወጡኝ። ቂጥኝም መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ስለሚያወጣ የሚጠየቀውን ለብቻው ሊጠይቁት ፈልገው እንደነበር ኋላ ከራሱ ሰማሁ። የቂጥኝ ምርመራው ውጤት ነጻ ሆነ፤ የደም ቆጠራውም ደም እንዲረጋ ከሚረዳው ከፕሌትሌቱ ትንሽ መቀነስ በስተቀር የሚያሳስብ ነገር አላሳየም።

ተጠርቼ ስገባ ግን ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ፤ «እርስዎ ነፍሰ ጡር ነዎት? ስንት ሳምንት ሆነዎት?» 14ኛ ሳምንቴ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከወንድሜ ጋር በአንድ ትሪ ስበላ፣ የጠጣበትን ብርጭቆ ሳነሣ ማንም ይህን አልጠየቀኝም።

ሕመሙ እምብዛም የማያጋጥምና ሐኪሞች በጓንትና በካልሲ መስለው የሰየሙት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ፓርቮቫይረስ ቢ19 የተባለ ቫይረስ ነው። ወንድሜ ስሙን ሲሰማ ስለገረመው፣ ቫይረሱ በ1975 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ደም ሲመረመር እንደተገኘና ስሙም ከናሙናው መለያ እንደመጣ ነገሩት። በልጆች ላይ ጉንጭ በጥፊ የተመታ የሚያስመስለው ሽፍታም የዚሁ ቫይረስ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ በልጆቹ ዘንድ ሽፍታው ሲወጣ መተላለፉ በአብዛኛው ያበቃ ሲሆን፣ በወንድሜ ዓይነቱ ግን ሽፍታው እያለም ሊተላለፍ መቻሉ ነው። ቫይረሱ የቀይ ደም ሕዋሳት የሚመረቱባቸውን ሴሎች ስለሚያጠቃ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በፊት ወደ ፅንሱ ካለፈ ደም ማነስና በሰውነቱ ውስጥ ውሃ መቋጠር ሊያስከትል ይችላል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሳያስደነግጡኝ ነው፤ ከአዋቂዎች ግማሽ ያህሉ ቀድሞ ይዟቸው ስለሚያውቅ መከላከያው በደማቸው እንዳለ፣ ቢይዘኝ እንኳ አብዛኞቹ ሕፃናት በጤና እንደሚወለዱ አስቀድመው ነገሩኝ።

ለወንድሜ ያዘዙለት ፓራሲታሞል፣ የማሳከክ ማስታገሻ እንክብልና በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ብቻ ነው፤ አንቲባዮቲኩን አስቆሙት። ቆዳው ተልጦ በ12 ቀን ውስጥ ዳነ። እኔን ለአንቲቦዲ፣ ማለትም በደም ውስጥ ላለው መከላከያ፣ ምርመራ ጻፉልኝ፣ የእርግዝና ክትትል ለሚያደርጉልኝ ሐኪምም ደብዳቤ ሰጡኝ። ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ዘጠኙም ቀን ረጅም ነበር። የድሮ መከላከያ በደሜ እንዳለና አዲስ ኢንፌክሽን እንዳልያዘኝ ተረጋገጠ፤ ከሳምንታት በኋላ የተደገመው ምርመራም ይህንኑ አሳየ።

ምንነቱ ያልታወቀ ሽፍታ ያለበት ሰው በጤና ጣቢያው በኩል ሪፈር አጽፎ ወደዚህ ክፍል ቢሄድ እመክራለሁ። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሽፍታው የጀመረበትን ቀንም መዝግቡ፤ እቤት ነፍሰ ጡር ወይም የደም ሕመም ያለበት ሰው ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ምስጋና ልናቀርብ ከእናታችን ጋር በሄድን ቀን የያዝነውን ድፎ ዳቦ ለብቻቸው አልቀበልም ብለው፣ ነርሶቹን ጠርተው እናቴን ራሷን አስቆረሷት።