የጆርጅ ፎርማን ግሪል ሲፈተሽ

አሜሪካዊው ቦክሰኛ ጆርጅ ፎርማን ኪንሻሳ ላይ በመሐመድ አሊ የተነጠቀውን የከባድ ሚዛን ክብር ያስመለሰው ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የወቅቱን ሻምፒዮን ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር በዝረራ ሲጥል ዕድሜው 45 ነበር። ስሙን የተሸከመው ግሪልም፣ ማለትም በሁለት ብረቶች መካከል ሥጋ የሚጠብሰው የኤሌክትሪክ መጥበሻ፣ በዚያው ዓመት ገበያ ላይ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የግሪሉ አምራች ሳልተን ኩባንያ በ1999 በስሙ ለመጠቀም ብቻ የ137.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ገብቷል። ፎርማን ወደ ቦክስ ለመመለሻ ግጥሚያዎቹ ሲዘጋጅ ቺዝበርገር ወዳድነቱን በአደባባይ ይናገር ስለነበር፣ ስለ ሥጋ ጥብስ ሲያወራ ያምርበት ነበር።

የዕቃው ብልሃት ተዳፋቱ ነው። የታችኛው ብረት ወደ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ የቀለጠው ስብ በጎድጓዳ መስመሮቹ ተንቆርቁሮ ከፊት ወደተቀመጠው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ማጠራቀሚያውን ማስቀመጥ የረሳ ሰው ስቡን ከጠረጴዛው ላይ ይጠርጋል። ሁለቱም ብረቶች ስለሚግሉ ማገላበጥ የለም፤ ጊዜው በግማሽ ያህል ያጥራል።

ክዳኑን ዘግተው 5 ደቂቃ ያህል ያግሉት። የሚስማማው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ አጥንት የሌለው ሥጋ ነው። የዶሮ ፍርምባ እንዳለ ከገባ ግን የላይኛው ብረት ወፍራሙ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ቀጭኑ ጫፍ ሲደርቅ መሃሉ ገና ጥሬ ነው። ቀድሞ ቀጥቅጦ ማስተካከል ይበጃል። በቴርሞሜትር ከለኩ፣ መሃሉ ለዶሮ 74፣ ለተፈጨ የበሬ ሥጋ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት።

ወፍራም ስቴክ ላይ ይደክማል። ከሥጋው የሚወጣው እርጥበት በሁለቱ ብረቶች መካከል ታፍኖ እንፋሎት ስለሚሆን፣ ሥጋው ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። ሥጋውን ቀድሞ በወረቀት ፎጣ ማድረቅ ብዙ ይረዳል። ክዳኑን መጫን ግን ስብ ሳይሆን ጭማቂ ያስወጣል። ስኳር ወይም ማር ያለበት ማጣፈጫም መስመሮቹ ላይ አርሮ ይጣበቃል።

ትልቁ ጣጣ ማጽዳቱ ነው። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ብረታቸው አይነቀልም፣ ውኃ ውስጥም አይነከሩም። ከሶኬት ነቅለው ገና ሞቅ እንዳለ እርጥብ ወረቀት ፎጣ አጥፈው ከተውበትና ክዳኑን ለ10 ደቂቃ ከዘጉት፣ እንፋሎቱ ቅሪቱን ያላቅቀዋል። ሹካና ቢላዋ የማያጣብቀውን ሽፋን ይፍቀዋል፤ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማንኪያ ይጠቀሙ። ምርጫ ካለ ብረቱ የሚነቀለውን ሞዴል መግዛት ነው፤ ተጨማሪው ወጪ አያስቆጭም።

ከመግዛት በፊት ሥሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ይመልከቱ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ነው፤ 220 ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።