ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ከገባሁ ስምንት ወር፦ የአንድ ዓይነ ስውር መምህር ልምድ

ሰላም ናችሁ። ሰሞኑን እንደኔ የማያዩ ጓደኞቼ «ሊኑክስ እንዴት ሆነልህ፣ እኛስ ብንገባበት?» እያሉ ይደውሉልኛል፣ ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ሊኑክስ ማለት ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው።

ሙሉ በሙሉ ነው የማላየው፣ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። ኮምፒውተር የለመድኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በጆስ ነው፣ ጆስ ስክሪን ሪደር ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም ማለት ነው፣ ላይሰንስ ሳይኖረው 40 ደቂቃ ይሠራና ኮምፒውተሩ ሪስታርት ካልተደረገ አይቀጥልም፣ እኛም ሪስታርት እያደረግን ነው አሳይመንት የጨረስነው። በኋላ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ሌላ ስክሪን ሪደር አወቅኩ። እሱ ነፃ ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ማይክል ከረን የሚባል ራሱ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የጀመረው ነው፣ ዛሬም እወደዋለሁ፣ ስለዚ ዊንዶውስን የተውኩት ስክሪን ሪደሩ አስጠልቶኝ እንዳይመስላችሁ።

የተውኩት በላፕቶፑ ምክንያት ነው። ያለኝ ያገለገለ ዴል ላቲቲውድ ነው፣ ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጄኔሬሽን፣ ራሙ 8 ጊጋ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) እንደሚቆም ሰማሁ፣ ዊንዶውስ 11 ደሞ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዛ በላይ ነው የሚፈልገው፣ የኔ አይገባም። የአንድ ዓመት የሴኩሪቲ ማራዘሚያ አለ ግን ከዓመት በኋላ ተመልሼ እዛው ነኝ። አዲስ ላፕቶፕ በመምህር ደሞዝ እንዴት እንደሚገዛ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐዋሳ ያለ ጓደኛዬ፣ እሱም አያይም፣ «ዴቢያን ጫንበት፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ያናግርሃል» አለኝ። ዴቢያን አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው። እኔን የያዘኝ ይቺ «ከመጀመሪያው ደቂቃ» የምትለዋ ቃል ናት።

ለምን መሰላችሁ፣ ዊንዶውሱ በተበላሸ ቁጥር ፎርማት የሚያደርግልኝ ሱቅ ያለ ልጅ ነበር። ላፕቶፑን ሰጥቼ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ምን እየጫነ ምን እያጠፋ እንደሆነ አላውቅም፣ «ጋሼ አለቀ» ብሎ ሲሰጠኝ ማሽኑ ድዳ ነው፣ ስክሪን ሪደር እስኪጫንበት ሌላ የሚያይ ሰው መፈለግ አለብኝ። አንድ ጊዜ ዲ ድራይቭ ላይ ያስቀመጥኩት የሦስት ዓመት የፈተናና የማስታወሻ ፋይል አብሮ ጠፋ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሳይጠይቀኝ ነው ያጠፋው፣ እኔ ደሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ስለማላውቅ አቁም ማለት አልቻልኩም። ይሄ ነገር እስከዛሬ ያመኛል።

ስለዚ ነሐሴ 2017 መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ዴቢያን 13 ገና በወጣ በሦስት ሳምንቱ ገደማ ሞከርኩት። መጀመሪያ ግን አዲስ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ዲስክ ገዝቼ የድሮውን ዲስክ ከነዊንዶውሱ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ይሄን ሁላችሁም አድርጉት፣ ካልሆነላችሁ ዲስኩን መልሳችሁ መግጠም ብቻ ነው፣ ልብ ያሳርፋል።

የዴቢያን መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ላፕቶፑን አበራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚ ጋ ዓይን ያስፈልጋል፣ ከየት ቡት ያድርግ የሚለው ሜኑ አይናገርም። ኤፍ 12 ተጭኜ የ11 ዓመት ልጄን ጠራኋትና «እናቴ፣ ዩኤስቢ የሚለው ስንተኛው ላይ ነው?» አልኳት፣ «ሦስተኛው አባዬ» አለችኝ፣ ሁለቴ ወደታች፣ እንተር። ከዛ በኋላ ማንም አልነካውም። የዴቢያን መጫኛ ሲነሳ ጢጥ ይላል፣ ጢጥ ሲል ኤስን ተጭኖ እንተር ማለት ነው፣ ከዛ ዝም ብሎ መጠበቅ። ከአንድ በላይ ሳውንድ ካርድ ካለ ተራ በተራ ይሞክራቸዋል፣ ድምፅ የሰማችሁበት ላይ እንተር ትላላችሁ። እኔ እዛች ዝምታ ውስጥ ትንፋሼን ውጬ ነበር፣ ድንገት ያቺ ቀጭን የኢስፒክ፣ ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ድምፅ መጣች፣ ቋንቋ ምረጥ አለችኝ፣ አማራጮቹ በቁጥር ናቸው፣ ቁጥሩን ጽፎ እንተር ማለት ብቻ ነው። ዲስኩን ላጥፋው ወይ የሚለው ጥያቄ ጋ ስደርስ ሦስት ጊዜ ነው ደግሜ ያነበብኩት። አሁን አጥፋ የምለው እኔ ነኝ፣ ምን እንደሚጠፋም አውቃለሁ። ባዶ ዲስክ ነበር ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዴስክቶፕ ምረጥ ሲለኝ፣ ማለት የመስኮቱንና የሜኑውን ዓይነት፣ ማቴ የሚባለውን መረጥኩ፣ ጓደኛዬ ለኛ የሚመቸው እሱ ነው ስላለኝ፣ ቀላልም ነው ላፕቶፑን አያጨናንቀውም። ዋይፋዩም ወዲያው ሠራ፣ ከዴቢያን 12 ጀምሮ ለዋይፋይ ካርዶች የሚያስፈልገው ፈርምዌር፣ ካርዱን የሚያሠራው ፋይል፣ አብሮ ስለሚመጣ። ጨርሶ ሪስታርት ሲያደርግ ፓስወርድ የሚጠይቀው ገጽ ላይ ኦርካ እየተናገረ ጠበቀኝ፣ ድምፅ ያለው መጫኛ ከተጠቀማችሁ ያንን ራሱ ያስተካክላል። ኦርካ ማለት የሊኑክስ ስክሪን ሪደር ነው፣ የትልቅ ባሕር እንስሳ ስም ነው።

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር አልደብቃችሁም። ችግሩ ሁሉም ነገር አዲስ መሆኑ ሳይሆን ግማሹ ከለመድኩት ጋር አንድ መሆኑ ነው። ፋየርፎክስ ላይ ኤች ስትጫኑ ወደ ርእስ፣ ኬ ወደ ሊንክ፣ ቢ ወደ በተን ይወስዳችኋል፣ ልክ እንደ ኤንቪዲኤ ነው፣ ደስ ብሏችሁ ስትሄዱ ግን ኢንሰርትና ስፔስን ፎርም ላይ ለመጻፍ ትጫናላችሁ፣ ኤንቪዲኤ ላይ እንደዛ ነው፣ ኦርካ ላይ ግን የኦርካ ሴቲንግ ነው የሚከፈተው። በቀን ሃያ ጊዜ ነው የከፈትኩት። እዚ ፎርም ላይ ለመግባት ኢንሰርትና ኤ ነው፣ ጣቴ እስኪለምደው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ኢንሰርትና ኤች ብትሉ የምትጫኑትን ሁሉ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ማታ ማታ እሱን ከፍቼ ነበር የማጠናው። ኦርካ ዝም ካለ ደሞ አትደንግጡ፣ ኦልትና ኤፍ 2 ተጭናችሁ «ኦርካ» ብላችሁ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ሪፕሌስ» በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ እንተር፣ ይመለሳል። በስምንት ወር ውስጥ፣ ከታች ከምነግራችሁ የፕሮጀክተር ቀን በቀር፣ ለዚ ያልተመለሰበት ጊዜ አላስታውስም።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ፣ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ኢስፒክ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የሰው አይመስልም፣ ብረት ብረት ይላል፣ ግን ፈጣን ነው፣ ፍጥነቱን ስትጨምሩትም ቃሉ አይዋጥም። ኤንቪዲኤም ላይ ያው ኢስፒክ ስለሆነ የሚሰማኝ ድምፅ አልተለወጠም። ኦርካ ላይ ሁለት ፕሮፋይል ሠራሁ አንዱ አማርኛ አንዱ እንግሊዝኛ፣ አንዱን ወደሌላው የሚቀይር ቁልፍ ራሴ መደብኩለት፣ እሱ ሲጀመር ቁልፍ የለውም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ነው የምትሰጡት።

የሚያስቸግረው ማጥበቅና ማላላቱ ነው። ጽሑፋችን ጥብቁን ከላላው አይለይም፣ «ይበላል» ስትል ልጁ ይበላል ነው ወይስ ምግቡ ይበላል? የሚያይ ሰውም እኮ ከዓረፍተ ነገሩ ነው የሚያውቀው፣ ማሽኑ ግን ሁሌ በአንድ ዓይነት ነው የሚያነበው። «ገና» ሲል በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው እኔ ነኝ የምፈታው። ግጥም ላይ ደሞ ምቱን ያበላሸዋል፣ ግጥም ለክፍል ሳዘጋጅ ከኢስፒክ ሰምቼ ሳይሆን ራሴ ጮክ ብዬ ደግሜ ነው ልኩን የማገኘው።

ከሱ የባሰው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዛው። ብሬይል ላይ በጣቴ እለያቸዋለሁ፣ በድምፅ ግን ተማሪ «ሠላም» ይጻፍ «ሰላም» ፊደል በፊደል ብሄድበትም አልሰማውም። ይሄ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፣ ዊንዶውስ ላይም ያው ነበር፣ አማርኛ ለሚያስተምር ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ብሬይል ዲስፕሌይ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በጣት በሚነበብ ነጥብ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ቢኖረኝ ይፈታል፣ እሱን የሚያሠራው ብሬይል ቲቲዋይ የሚባለው ፕሮግራም ዴቢያን መጫኛው ውስጥ ራሱ አለ፣ የሌለኝ መሣሪያው ነው፣ ዋጋው ከላፕቶፑ ብዙ እጥፍ ነው። እስከዛ ጥርጣሬ ሲገባኝ ቃሉን ሰርች አድርጌ አንዱን ፊደል በሌላው እየፈለግኩ ነው የማረጋግጠው። አድካሚ ነው።

መጻፉ ግን ጥሩ ነው። አይባስ የሚባለው የኪቦርድ ቋንቋ መቀየሪያ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሬ እንደ ድምፁ ነው የምጽፈው፣ በእንግሊዝኛ ቁልፍ ኤስና ኢ ስትሉ ሰ ይሆናል። መጀመሪያ ኦርካ የነካሁትን ቁልፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ እየጠራ ግራ አጋባኝ፣ ሴቲንግ ገብቼ ቁልፍ መጥራቱን አጥፍቼ ቃል ሲያልቅ ብቻ እንዲያነብ አደረግኩት፣ አሁን ሰላም ነው። ፈተና የማወጣው በሊብሬ ኦፊስ ነው። አንዱን ፈተና በዎርድ ፎርማት ልኬ ትምህርት ቤት ሲከፍቱት ሠንጠረዡ ተዛብቶ ፎንቱም ተቀይሮ ነበር፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው የነገረኝ፣ እኔ እንዴት አውቃለሁ። ከዛ ወዲህ ለፕሪንት የሚሄደውን ሁሉ በፒዲኤፍ ነው የምልከው።

ሌሎች የሚልኩልኝ ፋይል ላይ ግን ለውጥ የለም። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬም በድሮ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤና ማስታወሻ ይመጣልኛል፣ በዓይን ሲታይ አማርኛ ነው፣ ውስጡ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ስክሪን ሪደር ሲያነበው ትርጉም የሌለው ኳኳታ ነው። ዊንዶውስም ሊኑክስም አያድኑህም። ይሄን የምታነቡ የምታዩ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ በዩኒኮድ ጻፉ፣ ለናንተ ምንም አይቀይርም፣ ለኛ ግን ማንበብና አለማንበብ ነው።

እዚ ጋ ተርሚናልን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ሳላመሰግን አላልፍም። ሰው ይፈራዋል፣ ለኛ ግን ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው፣ የጠፋ ምልክት ወይ ስም የሌለው በተን የለውም። ቴሰራክት የሚባል ፕሮግራም የአማርኛውን አብሬ ጫንኩ፣ የታተመ ወረቀት ስካን አድርጌ አንድ መስመር ትእዛዝ ስሰጠው ወደ ጽሑፍ ይቀይርልኛል። ሰ እና ስን፣ ለ እና ሉን ያምታታል፣ የደበዘዘ ፎቶኮፒ ከሆነ አትድከሙ፣ ንጹሕ ሕትመት ከሆነ ግን ሰው ሳልጠራ አነባለሁ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ፕሮጀክተር ሰካሁ፣ ወዲያው ኦርካ ጠፋ፣ ሃምሳ ተማሪ ፊቴ ተቀምጧል። ኦርካን ደግሜ አስነሳሁት፣ ምንም። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር አለ እኮ» አለኝ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ድምፁ በኤችዲኤምአይ ኬብሉ ወደ ፕሮጀክተሩ ሄዷል፣ ፕሮጀክተሩ ደሞ ስፒከር የለውም። ኬብሉን ነቀልኩት ተመለሰ። አሁን ከክፍል በፊት የሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የኤችዲኤምአዩን ድምፅ ዘግቼዋለሁ፣ ክፍል የምታስተምሩ ካላችሁ ቤታችሁ እያላችሁ ዝጉት።

ያልሆነልኝም አለ። ሁላችንም የምንጠቀምበት አንድ የቻት አፕ የዴስክቶፑን ስሪት ኦርካ ሊያነብልኝ አልቻለም፣ ስለዚ እሱን በስልኬ፣ በአንድሮይዱ ስክሪን ሪደር በቶክባክ፣ ነው የምጠቀመው። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የውጤት መሙያ ፕሮግራም ያለበት ትምህርት ቤት ያላችሁ ደሞ አትቸኩሉ፣ የኛ በኤክሴል ስለሆነ ነው የዳንኩት። የጆስ ድምፅ የለመደ ሰውም ያ ድምፅ እዚ በነፃ አይመጣም፣ መጀመሪያ ጆሮው ይከፋዋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ 11 ከቻለና ሥራችሁ በዎርድ የሚመላለስ ከሆነ ኤንቪዲኤ ላይ ቆዩ፣ ምንም አልጎደለባችሁም። እንደኔ ማሽናችሁ አርጅቶ ግን ጤነኛ ከሆነ፣ አንድ ወር የመታገል ትዕግሥት ካላችሁ፣ ግቡበት። ባለፈው ጥር የሰፈሬ ልጅ፣ እሱም የማያይ የሕግ ተማሪ፣ ላፕቶፑን ይዞ ቤቴ መጣ፣ ፋይሉን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገለበጥንለት፣ ጢጥ ሲል ኤስን የተጫነው እሱ ነው፣ እኔ እጄን አላስገባሁም፣ ዲስኩን ላጥፋ ወይ ሲለው እሱም ደግሞ ደግሞ አነበበው።

የድሮው ዲስኬ እስከ መጋቢት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ባለፈው ወር ኬዝ ገዛሁለትና ያለውን ፋይል ገልብጬ፣ ራሴ ፎርማት አድርጌ፣ የፈተና ባክአፕ መያዣ አደረግኩት።